የጫኑትንም እንቁጠር

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ቆላ መግባቱን ነጋሪ አያሻውም። አይከል ላይ ደርቦት የነበረውን ጋቢ ገንዳ ውሃ ሳይደርስ ያወልቀዋል። ጤፉ ወደ ኋላ ይቀርና ማሽላው፣ ጥጡና ሰሊጡ ይተካል። ለቀን ሥራ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች ያጨዱትን ሰሊጥ በቁሙ አደጋግፈው ያቆሙታል። የፍሬው ቋት አፉን ወደ ላይ የሚከፍት ነውና፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ዘቅዝቀው መታ መታ ሲያደርጉት ፍሬው ይንዠቀዠቃል።

ቅድመ አያቴ በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቤታችን ስሙ በኩራት ይነሳል። አብረውኝ የወረዱትን አክስቴን፣ «እትዬ፣ ለመተማ ገበያ ምን ነበር የሚጭነው?» አልኳቸው። «ቡና፣ ሰም…» ብለው ጀመሩና፣ «ያኔ ያልተሸጠ ምን አለ ብለህ ነው?» ብለው ዝም አሉ።

ዝምታቸው ገብቶኛል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ከቡናውና ከሰሙ ጋር ለሽያጭ የቀረቡ ሰዎችን አይቷል። ለባርያ ንግድ ሲታደኑ ከኖሩት መካከል ዛሬም በመተማና በቋራ የሚኖሩት ጉሙዞች ይገኙበታል።

መተማ ሲባል ቀድመው የሚታሰቡን አፄ ዮሐንስ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። የሱዳን ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ ድረስ ዘምተው ሲዋጉ ቆስለው አረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። በገበያዋ ለተሸጡት ግን በስማቸው የተጠራ ነገር አላየሁም። ያሉበት ቦታ ቢኖር፣ እንደ አክስቴ ያሉ አዛውንቶች ዝም የሚሉበት ቦታ ነው።

ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ትታያለች። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ በዚሁ በር ገብቷል። ትናንት ሰው በዋጋ ያለፈበት ደጅ ዛሬ ሰው የሚጠለልበት መሆኑ፣ የመንገድን ክፉና ደግ የሚወስነው የሚሄድበት ሰው እንደሆነ ያሳየኛል።

ሰባት ቤት መቁጠር ወጋችን ነው። ስም ብቻ ከቆጠርን ግን የወረስነው ግማሹን ነው። ልጆቼ የቅድመ አያቴን ትጋት ሲሰሙ፣ የነገደበት ገበያ ሰውም ይሸጥበት እንደነበር አብረው እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። ይህ ሙታንን መውቀስ አይደለም፤ የተሸጡትም የሰው ልጆች ነበሩና ወጋቸው በእኛም ቤት ሊነገር ይገባል። አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ ዝም ካሉም ደግመን በአክብሮት እንጠይቃቸው።