ወሰንና ውሳኔ

በቋንቋችን «ውሳኔ» እና «ወሰን» ሥራቸው አንድ ነው። የወሰነ ሰው ድንበር አበጀ ማለት ነው፤ ይህን ልያዝ፣ ያንን ልተው አለ። «ማሽን ያስባል ወይ?» የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ወደ ልቤ የሚመጣው ይኸው ቃል ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ሴኡል ከተማ ውስጥ ኮሪያዊው ሊ ሴዶል «አልፋጎ» ከተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር፣ ጎ በተሰኘው ጥንታዊ ጨዋታ ለሁለተኛ ጊዜ ተጋጠመ። የጎ ሰሌዳ ጠጠር የሚያርፍባቸው 361 ነጥቦች አሉት። ከዚያ የሚፈልቁትን መንገዶች ሁሉ እስከ ፍጻሜያቸው ቈጥሮ የሚዘልቅ ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙም ወሰን ያሻዋል። ከቀደሙ ጨዋታዎች የተማረው አንዱ ክፍሉ «የትኛው ይሞከር?» እያለ ከብዙው ጥቂቱን ይመርጣል፤ ሌላው «እዚህ ከተደረሰ ማን ያሸንፋል?» እያለ ይገምታል። ከዚያ በኋላ የተመረጡትን መንገዶች ወደ ፊት እየተጓዘ ይፈትናቸዋል።

ፕሮግራሙ 37ኛውን ጠጠር ሲያኖር ተንታኞች ስሕተት መሰላቸው። በራሱ ስሌት፣ ሰው ያንን ቦታ የመምረጡ ዕድል ከ10,000 አንድ ነበር። አርቆ ሲያሰላው ግን መልካም ሆኖ አገኘውና ተጫወተው። ሊ መልስ ለመስጠት ከ10 ደቂቃ በላይ አሰበ፤ በመጨረሻም ተሸነፈ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በአራተኛው ግጥሚያ፣ ሊ 78ኛውን ጠጠር አኖረ። ይህም በፕሮግራሙ ግምት ከ10,000 አንድ ዕድል ብቻ የነበረው ነው። አልፋጎ በ79ኛው ተሳሳተ፤ ሆኖም እስከ 87ኛው ድረስ እያሸነፈ እንደሆነ ይቈጥር ነበር። ኋላም እጁን ሰጠ። ከአምስቱ ግጥሚያዎች ሊ ያሸነፈው ይህንኑ አንዱን ብቻ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከ37ኛው ይልቅ 78ኛው ጠጠር ነው። ፕሮግራሙ አልባነነም፤ የመጣበት ነገር እምብዛም አይሆንም ብሎ ከተወው ወገን ነበርና። በጨዋታ ሰሌዳ ላይ ይህ አንድ ሽንፈት ብቻ ነው፤ ጠጠሮቹ ተሰብስበው ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ብድር ለማን ይፈቀድ፣ ለሥራ ማን ይጠራ ብሎ የሚወስን ፕሮግራም ግን የሚያሰላው በጠጠር ፈንታ በሰው ላይ ነው። እዚያም «እምብዛም የማያጋጥም» ተብሎ ወደ ጎን የተተወ ሰው ይኖራል።

እንግዲህ ማሽኑ መወሰን ይችላል ቢሉኝ አልከራከርም። የምጠይቀው ከወሰኑ ውጭ ስለቀረው ሰው ነው፦ ለማን አቤት ይበል?