ከጐለመሱ በኋላ የነርስነትን ትምህርት ስለ መማርና ስለ ወጪው

ሰው በወጣትነቱ አንድ ሙያ ተምሮ ጥቂት ዓመት እንጀራ ከበላበት በኋላ ወደ ሌላ ሙያ ለመዛወር ቢነሣ፣ የጊዜ ማነስና የገንዘብ ማነስ በመንገዱ ላይ ይጠብቁታል። ልጅ ለሚያሳድግና በአገር ቤት የሚጦራቸው ወላጆች ላሉት ቤተ ሰብ ደግሞ የገንዘቡ ይብሳል። እኛ ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ስንሆን፣ ከሁለታችን ሚስትየዋ የሒሳብ አያያዝን ሙያ ትታ ነርስ ለመሆን የሄደችበትን መንገድ ለተከበሩ አንባቢዎች ለመግለጽ ወደድን። የጓዳን ገንዘብ በአደባባይ መናገር በአገራችን ልማድ የተወደደ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቁን ወገኖች ስለ በዙ ዝምታውን ተውነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ2016 በዲቪ ዕድል ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሚስትየዋ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለች ነበረች፤ ባልየው ግን ከ12ኛ ክፍል አላለፈም ነበር። እርሱ መኪና መንዳት ያዘ፤ እርስዋም በአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። በሚከተለው ዓመት የነርስ ረዳትነትን ሥልጠና ወሰደች። ይህ ሥልጠና ከ75 ሰዓት እንዳያንስ የፌዴራሉ ሕግ ያዛል፤ ግዛቶችም በዚያ ላይ ሊጨምሩበት ይችላሉ። በጥቂት ሳምንት የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ነርስነት ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የረከሰ መፈተኛ አላየንም። እርስዋም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማጉረስና ማገላበጥ ጀመረች። ነገር ግን የሕመምተኛው ትንፋሽ በተለወጠ ጊዜ ነገሩን አስተውሎ መድኃኒቱን የሚሰጠው፣ ሐኪሙንም የሚጠራው ሌላ ሰው ነበር። ልብዋ ወደዚያ ያዘነበለው ይህን ስታይ ነው።

ገንዘቡን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ አስገረመን። የፌዴራሉ መንግሥት ዐቅም ለሌለው ተማሪ ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ ርዳታ ይሰጣል፤ በ2025 ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ ርዳታው የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይፈቀድም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር የመጣ ቢሆንም ያው ነው። እንግዲህ ለባልየው ደጁ ተከፍቶ ሳለ፣ መማር ለምትፈልገው ለሚስትየዋ ተዘጋ። በአገር ቤት ድግስ ተደግሶለት የነበረው ያ ዲግሪ በዚህ አገር እንቅፋት ሆነ።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዳንዱ፣ «የአገር ቤቱን ዲግሪ አታንሡት፤ ማን ያውቅባችኋል?» አለን። ቅጹ ግን ጥያቄውን በግልጥ ይጠይቃል፤ የሚፈርመውም ሰው ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ይጠየቃል። በሐሰት ቃል የገባ ሰው ደግሞ ነገ የሕመምተኛን መዝገብ በእውነት ይጽፋል ብሎ ማን ይታመነዋል? ሌላው፣ «ነጻ ገንዘብ የተገኘለት ባልየው ይማር» አለ። በዚህ ላይ ሌሊቱን ተነጋገርንበት። ባልየው፣ «እኔ ደም ሳይ ዐይኔ ይጨልማል፤ ሕመምተኛውን ትቼ እኔው የምታስታመም እሆናለሁ» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከባድ እንደ ሆነ ሁለታችንም ዐወቅነው፤ የእርስዋን ትምህርት ከመረጥን ወጪው ሁሉ በእኛው ትከሻ ላይ ይወድቃልና። መረጥነው።

ቀጥሎም መንገዶቹን መረመርን። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ፣ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጸም የተፋጠነ ትምህርት አለ። ልጅ ለሌለውና ጥሪት ላለው ሰው መልካም ነው እንላለን። እኛ የጠየቅነው ዋጋ ግን ከ60,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ትምህርቱም ሥራ የሚያሠራ አይደለም። ራሱን የቻለ ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከፌዴራሉ መንግሥት ሊበደር የሚችለው ጠቅላላ ገንዘብ ደግሞ 57,500 ዶላር ነው፤ የዓመቱም ልክ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ቀሪውን ከግል አበዳሪ በከባድ ወለድ መውሰድ ይመጣል። አንድ ዓመት ገደማ የሚወስደው የተግባር ነርስነት ትምህርትም አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን በእርሱ ገብተው ኋላ ወደ ላይ ወጥተዋል።

እኛ የያዝነው የማኅበረሰብ ኮሌጁን የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ይህ የትምህርት ዓይነት የተወጠነው ሚልድረድ ሞንታግ በተባሉ ነርስ ሲሆን፣ አሳባቸውን በ1951 ጽፈው በ1952 በሙከራ ተጀመረ። ከዚያ የሚወጣ ተማሪ ለፈቃድ የሚቀመጠው አራት ዓመት የተማረው በሚቀመጥበት በዚያው ፈተና ነው፤ የሚያገኘውም ፈቃድ አንድ ነው። በሜሪላንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ክፍያ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ የካውንቲው ነዋሪ ከሁሉ ያነሰውን፣ የሌላው ካውንቲ ነዋሪ ከዚያ የሚበልጠውን፣ ከግዛቱ ውጭ የመጣውም ከሁሉ የሚበልጠውን ይከፍላል። ስለዚህ ቤት ለመለወጥ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢመለከት ይበጀዋል።

ሁለት ዓመት ይባል እንጂ ሁለት ዓመት አይደለም። ከመግባት በፊት የሰውነት አሠራር ትምህርት በሁለት መንፈቅ፣ የረቂቅ ተሕዋስያን ትምህርት፣ ሌላም ሌላም ይጠየቃል፤ የመግቢያ ፈተናም አለ። እንቅፋት የሆነብን ዲግሪ በዚህ ላይ ካሰን፤ ማስረጃው በገማች ድርጅት ከተመረመረ በኋላ የሒሳቡና የማኅበራዊ ኑሮ ጥናቱ ትምህርት ተቈጠረላት። የሳይንሱን ግን ከፊደሉ ጀመረችው። በ2020 የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ትምህርቱ ወደ ቤት መጣ፤ መጦሪያው ለጠያቂ ተዘጋ። ልጆቻቸውን በመስኮት የሚያዩትን አረጋውያን ስታስታምም ውላ፣ ማታ ልጃችን በተኛችበት ክፍል ጥግ በትንሽ መብራት የአጥንቶችን ስም ታጠና ነበር። ልጃችንም ከእንቅልፍዋ እየነቃች ጥቂቶቹን ስሞች ሳታስበው ዐወቀቻቸው። ቦታው በውድድር ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት አልደረሳትም፤ የገባችው በ2021 መጸው ነው።

ክፍያውን በብድር ላለመክፈል በዕቁብ ተረዳን። 12 ሰዎች በየወሩ 300 ዶላር እንጥላለን፤ የዕቁቡ ዳኛ ነገራችንን ሰምተው፣ ዕጣው የወጣለትን ሰው እያስማሙ በነሐሴ፣ መንፈቁ ሳይጀመር፣ 3,600 ዶላሩ እንዲደርሰን አደረጉ። ከዚህም ሌላ እትዬ የምንላቸው አንዲት አረጋዊት ነርስ፣ «ልጆቼ፣ ሆስፒታል ሂዱና ተቀጠሩ፤ የሚያስተምር አሠሪ አለ» አሉን። ቃላቸው እውነት ሆነ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት የሚከፍለው እስከ 5,250 ዶላር ድረስ በ2025 ሕግ ግብር አይቈረጥበትም ነበር። እርስዋም ከመጦሪያው ወደ ሆስፒታል ተዛውራ በቅዳሜና በእሑድ ሌሊት በረዳትነት ሠራች። ርዳታውን የተቀበለ ሰው ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለበት በውሉ ተጽፎአልና፣ ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ሁሉ ተደምሮ አልበቃም። በ2022 አንድ መንፈቅ ሙሉ ደሴ ላሉት እናታችን የምንልከውን ገንዘብ በግማሽ ቀነስነው። ከወጪው ሁሉ ያከበድነው ይህ ነበር። በስልክ ብንነግራቸው፣ «ጎመን በጤና፤ እናንተ ብቻ ትምህርቱን አታቋርጡ» አሉን፤ ከዚያም ወሬውን ወደ ጎረቤት ሠርግ መለሱት። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

ርካሽ መንገድ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ነገር ይጠንቀቅ። በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት በፍሎሪዳ ከ7,600 የሚበልጡ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማዎች ስለ መሸጣቸው 25 ሰዎችን ከሰሰ። ማንም ከመመዝገቡ በፊት ትምህርት ቤቱ በግዛቱ የነርሶች ቦርድ የተፈቀደ መሆኑን፣ ከተማሪዎቹም ስንቱ ፈተናውን እንደሚያልፉ ይመልከት፤ ቦርዱ ይህን ለሕዝብ ያወጣል።

ሚስትየዋ በ2023 ጸደይ ትምህርትዋን ፈጽማ በበጋው ለፈተናው ተቀመጠች። የመመዝገቢያው ዋጋ 200 ዶላር ነው። መሣሪያው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሲያቀርብ ተፈታኙ መቼ እንደሚቆምበት አያውቅም፤ ለእርስዋ በ85ኛው ቆመ፤ ማለፍዋን እስክትሰማም ድረስ መቆሙ ለክፉ ይሁን ለደግ ሳናውቅ ሁለት ሌሊት አደርን። አሁን በዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። የኒው ዮርክ ግዛት በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲይዙ ያዛል፤ ሜሪላንድ ባያስገድድም ብዙ ሆስፒታሎች ዲግሪውን ይመርጣሉና፣ እርስዋም በአሠሪዋ ገንዘብ በየመንፈቁ አንድ አንድ ትምህርት ትወስዳለች። ለእናታችን የሚላከው ወደ ቀድሞው ልክ ተመልሶአል። ባልየውም ያ ተፈቅዶለት የነበረው ርዳታ ሳይነካ ስለ ቆየ፣ በማኅበረሰብ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ ለመማር በዚህ ዓመት ቅጹን ሞልቶ ልኮአል።