በኛ ፓስፖርት የሌላ ሰው ዕቃ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሰማንያ ዲርሃም ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በእርሱ ምክንያት ከምንወዳት ታናሽ እህታችን ጋር ተኮራርፈን አድረናል።

እኛ ባልና ሚስት መምህራን ነን። በልጅነታችን ጧት መድረሳ ገብተን ቁርኣን እንቀራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሂሳብና ሳይንስ እንማር ነበር። በመምህር ደመወዝ ባሕር መሻገር የሚታሰብ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ለዕረፍት ዱባይ የወሰደን የእህታችን ላብ ነው። እዚያ ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ የሁለታችንንም ትኬት ቆረጠችልን።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ገበያ ይዛን ወጣች። ለእናታችን ብርድ ልብስ፣ ለልጆች ልብስና ጫማ ገዛንና ሂሳቡ 1,050 ዲርሃም መጣ። ሻጩ ፓስፖርታችንን ጠየቀን። ለምን ብንለው፣ የከፈላችሁት ታክስ እንዲመለስላችሁ ነው አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከ2018 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስከፍላለች። እኛም አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ እየከፈልን የምናውቀው ነው። ታክሱ የሚጣለው እዚያው አገር ውስጥ አገልግሎት ላይ በሚውል ዕቃ ላይ በመሆኑ፣ እንግዳ ገዝቶ ይዞት ለሚወጣው ዕቃ ይመለስለታል። ለዚህም ገዢው 18 ዓመት የሞላውና የዚያ አገር ነዋሪ ያልሆነ መሆን አለበት። ሱቁ በአሠራሩ የታቀፈ፣ ግዢውም ከ250 ዲርሃም ያላነሰ ሊሆን ይገባል። ዕቃው ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት አለበት። በኛ ሂሳብ ታክሱ 50 ዲርሃም ነበር። በዚያን ጊዜ ከዚያ ላይ 85 በመቶው፣ ማለትም 42 ዲርሃም ከ50 ይመለስ ነበር፤ ለአገልግሎት 4 ዲርሃም ከ80 ሲቀነስ 37 ዲርሃም ከ70 እጃችን ይገባል ማለት ነበር።

እህታችን ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ለራሷ ልትገዛው ያሰበችው ስልክ 2,100 ዲርሃም ነበር። «በእናንተ ፓስፖርት ይጻፍ። ኤርፖርት ስሸኛችሁ አሳዩትና መልሳችሁ ስጡኝ» አለችን። በልባችን ብናሰላው 80 ዲርሃም ከ20 ሳንቲም ነው። ከሰው ቤት ሠርታ ለምታድር ልጅ የሚናቅ አይደለም።

«ስልኩ እዚሁ ይቀራል፤ ታክሱ የሚመለሰው ደግሞ ለሚወጣ ዕቃ ነው» አልናት።

«ስንቱ ያደርገዋል! ሀብታም መንግሥት ነው፤ ሰማንያ ዲርሃም ምን ይጎዳዋል? እኔ ለእናንተ ትኬት ስቆርጥ ሂሳብ አልቆጠርኩም» አለች።

ይህ ቃሏ አንጀታችንን በላው። እውነቱን ለመናገር እጃችን ወደ ፓስፖርቱ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ ትዝ ያለን አንድ ተማሪ ነው። በጓደኛው ስም ሊፈተን ገብቶ ይዘነዋል። «ውለታ ስላለብኝ ነው» እያለ ቢያለቅስም ከክፍል አስወጥተነዋል። ውለታ በራስ ገንዘብና በራስ ጉልበት ይመለሳል እንጂ በሐሰት ምስክርነት አይመለስም ብለን መክረነዋል። አሁን እኛው ያ ልጅ ልንሆን ነው። ፓስፖርት አማና ነው፤ በላዩ የሚጻፈውም የኛ ቃል ነው። እንቢ አልናት።

«ሰማንያውን ከኪሳችን እንስጥሽ» ብንላት ነገሩ ባሰ። «ገንዘቡን ፈልጌ መሰላችሁ?» ብላ ሙሉ ዋጋውን ከፍላ ወጣች። ያን ማታ እራት የቀረበው በዝምታ ነበር።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሻይ አፍልታ ጠራችን። ስለ ስልኩ አላነሳችም። ሻንጣችንን እያየች፣ «ብርድ ልብሱን ከላይ አድርጉት፤ እንይ ይሏችኋል። ሳታሳዩ ሻንጣውን እንዳታስረክቡ» አለች። ይቅርታዋ ይህ መሆኑ ገባን።

እንዳለችውም ሆነ። ኤርፖርት ሻንጣ ከማስረከባችን በፊት ደረሰኙንና ፓስፖርቱን አየን፤ ብርድ ልብሱንም አስወጥተው ተመለከቱት። ገንዘቡን ስንቀበል ለእህታችን ልንሰጣት ብንሞክር፣ «ለእማዬ ቴምር ግዙበት» ብላ እጃችንን መለሰች።

ቴምሩን የገዛነው ከፓስፖርት ቁጥጥር ባሻገር ካለው ከቀረጥ ነጻ መደብር ነው። የዚህ ዓይነቱ መደብር መጀመሪያ የተከፈተው በ1947 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚህኛው መደብር ታክሱ ከመነሻው አይጠየቅም፤ ገዢው ከአገር ለመውጣት ድንበሩን አልፏልና። በከተማው ሱቅ ግን መጀመሪያ ተከፍሎ በኋላ ይመለሳል። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ዕቃው የእውነት መውጣቱ። ደግሞም «ነጻ» የተባለው በዚያ አገር እንጂ በኛ አገር አይደለም። ቦሌ ሲደርሱ የራሱ የጉምሩክ ሕግ አለ፤ የዱባይ ደረሰኝ ከርሱ አያድንም።

ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ለመንገድ ስትነሱ ዘመድ «በስምህ አሳልፍልኝ» ማለቱ አይቀርም። መብታችሁ የሆነውን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ደረሰኛችሁንም ጠብቁ። ያልሆነውን ግን የምትወዱት ሰው ቢለምናችሁም እንቢ በሉ። ያ ስልክ ዛሬም በእህታችን እጅ አለ። የምትደውልልንም በርሱ ነው። ድምጿን በሰማን ቁጥር፣ ያለ ሐሰት በመገዛቱ ደስ ይለናል። የትኬቱ ውለታ ግን ገና አልተከፈለም፤ አላህ በሐላሉ የምንከፍልበትን ይስጠን። አሚን።