ካርዱ ቢሃር፣ ሰውዬው ዴልሂ

ኒው ዴልሂ፣ ማልቪያ ናጋር
ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

የእማዬ ስፌት ደርቋል፤ ሐኪሙ በስልክ እየጠየቀ ይከታተላታል፣ ደረጃውንም ብቻዋን ትወጣለች። አውሮፕላን ሲከፈት እንመጣለን። እስከዚያ ስለ ምግባችን አትጨነቅ። የሽንብራ ዱቄት እዚህ የማይሸጥበት ሱቅ የለም፤ ከቤት በያዝነው በርበሬ ሽሮ እየሠራሁ ነው። እማዬ «ጠረኑ ትንሽ ይለያል» ትላለች፤ ሳህኑን ግን ትጨርሰዋለች።

ባለፈው ስንደዋወል የማዕድ ማጋራቱ ኮሚቴ ውስጥ ገብተህ የችግረኞችን ስም እየመዘገብክ እንደሆነ ነግረኸኝ መስመሩ ተቋረጠ። የዚህን አገር ጉድ ልነግርህ ነበር፤ ይኸው ጽፌ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

መጋቢት 15 ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው በኮሮና ምክንያት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለ21 ቀን ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ አሉ። ለ1.3 ቢሊዮን ሕዝብ የተሰጠው የመዘጋጃ ጊዜ አራት ሰዓት ብቻ ነው። አከራያችን ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወደ ሱቅ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ገንዘብ በእጁ ያለ ሁሉ ዱቄቱንና ዘይቱን ጠራርጎ ገዛ። 21 ቀኑም ተራዝሞ ተራዝሞ ይኸው ዛሬ ደርሰናል።

እማዬን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳትን ባለ ባጃጅ በስልክ አሳይቼህ ነበር። ባጃጁን በቀን ሒሳብ ነው የሚከራየው፤ ካልነዳ የለውም። አገሩ ቢሃር የሚባል ሌላ ክልል ነው፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ግን እዚሁ አንድ ክፍል ውስጥ አብረውት ይኖራሉ። በሁለተኛው ሳምንት ደወለ። ብድር ሊጠይቀን መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀው የአከራያችን ልጅ በኢንተርኔት አንድ ቅጽ እንዲሞላለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የምግብ ዋስትና ሕግ አላቸው። የራሽን ካርድ ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ኪሎ እህል ያገኛል፤ ሩዙ በኪሎ 3 ሩፒ፣ ስንዴው 2 ሩፒ ነው። እኛ ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ሱቅ እንደምንወስደው ማለት ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ መንግሥት በዚያ ላይ ለ800 ሚሊዮን ሰው ሌላ 5 ኪሎ በነጻ፣ ለየቤተሰቡም 1 ኪሎ ጥራጥሬ ለሦስት ወር ጨመረ። እህሉ ሞልቷል፤ ጎተራው ውስጥ ከ70 ሚሊዮን ቶን በላይ አለ፣ ለመጠባበቂያ ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ በላይ። ስስታም ናቸው ማለት አልችልም።

ግን ካርዱ የሚሠራው በተመዘገበበት ሱቅ ነው። የባለ ባጃጁ ካርድ ቢሃር አባቱ ቤት ነው፣ እሱና ልጆቹ ዴልሂ። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ፣ እህሉም ጎተራ ውስጥ አለ፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ካርድ ጨርሶ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ኮታው የተሰላው በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ሕዝብ አልገባበትም። ዣን ድሬዝና ሪቲካ ኬራ የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት የቀረው ከ100 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ገምተዋል። መንግሥት ለሴቶች በባንክ የላከው በወር 500 ሩፒ ለሚስቱ ደርሷታል፤ በእኛ ከ200 ብር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለአምስት ሰው!

ሠራተኛው ሁሉ በእግሩ ወደ አገሩ የተነሣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሰዎቹ ካርዳቸው ወዳለበት ነው የሚሄዱት። አናንድ ቪሃር በሚባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ባቡር የተፈቀደላቸው ሚያዝያ 23 ነው፤ ከዚያም በኋላ በእግሩ የሚሄደው አላለቀም። ሚያዝያ 30 አውራንጋባድ አጠገብ ሐዲዱ ላይ የተኙ 16 ሠራተኞችን የዕቃ ባቡር ገደላቸው። የያዙት ቂጣ ሐዲዱ ላይ ተበትኖ በቴሌቪዥን አየነው። እማዬ ዝጊው አለችኝ።

የዴልሂ አስተዳደር ካርድ ለሌላቸው በኢንተርኔት የሚሞላ ኩፖን አወጣ፤ የባለ ባጃጁም ቅጽ ይኸው ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መታወቂያ፣ በስልክ የሚላክ ቁጥር ይጠይቃል። የአከራያችን ልጅ የተማረ ነው፣ እሱም ሌሊት ተነሥቶ ነው የተሳካለት። የተራበ ሰው ያን ሁሉ ከየት ያመጣል? ምሳና እራት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይታደላል። መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ሰልፉን አየዋለሁ፤ መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ተሠርቷል፣ ሰዉ ፀሐዩን ሸሽቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ በክቡ ውስጥ ጫማውንና ባልዲውን ያሰልፋል። ክችሪ ነው የሚሰጠው፣ ሩዝና ምስር አብሮ የተቀቀለ።

አከራያችን የሲክ እምነት ተከታይ ናት። ቤተ እምነታቸው ሁሉ ወጥ ቤት አለው፤ ሃይማኖትህን ሳይጠይቁ ያበሉሃል፣ ላንጋር ይሉታል። ባንግላ ሳሂብ የሚባለው ትልቁ ለምእመናን በሩን ሲዘጋ ወጥ ቤቱን አልዘጋም፤ በቀን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰው ምግብ እያበሰሉ ወደ መጠለያዎች ይልካሉ። ልጇ ሄዶ ቂጣ ይዳምጣል። ባለ ባጃጁ ኩፖኑ እስኪመጣ ያን ቂጣ ነው ለልጆቹ ያበላው። እርግጥ ወጥ ቤት የመንግሥትን ጎተራ አይተካም፤ አከራያችንም ይህን ስላት «እኛ መቼ እንተካለን አልን?» ብላ ተቆጣችኝ።

ግንቦት 6 ደግሞ መንግሥት ካርድ ለሌላቸው ስደተኛ ሠራተኞች ለሁለት ወር እህልና ሽንብራ እንደሚሰጥ፣ ካርዱም ወደፊት በየትኛውም ክልል እንደሚሠራ አስታውቋል። ሰዉ መንገድ ላይ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንተ መዝገብ ልመለስ። በቀበሌ መታወቂያ ነው የምትመዘግቡት አይደል? መሸኛ ሳያመጡ ከገጠር የገቡትን ሊስትሮዎች፣ በረንዳ አዳሪዎቹን፣ በደባልነት የሚኖሩትን የጉሊት ሴቶች ማን ጻፋቸው? አከራይ ይመስክርላቸው፣ ወይም እድሩ። ኮሚቴው ይህን እንቢ ካለ ሌላ ዝርዝር ክፈቱ። ምን እንደወሰናችሁ ንገረኝ፤ እማዬም ትጠይቃለች። የእድሯ መዋጮ የሁለት ወር እንዳያልፍባት ከፍለህ ደረሰኙን አስቀምጥላት ብላለች።

እህትህ