በቆሎ ለዶሮ ማባበያ ነው

ነቀምቴ ላይ በቆሎ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ጓሮ ውስጥ ዶሮ መቀለብ ማለት በቆሎ መበተን ሆኗል። እኔ ግን በቆሎ ብቻውን ከማባበያ አያልፍም ባይ ነኝ። ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ከመቶ 8 ወይም 9 ገደማ ነው፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ ደግሞ 16 ያህል ትፈልጋለች። ጉድለቱን የሚሞላው ሩቅ አይደለም። ወለጋ የኑግ አገር ነው፤ ከዘይት መጭመቂያው የሚተርፈው ፋጉሎ ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው አኩሪ አተር ቢታከልበት መልካም ነው፣ ተቆልቶ ግን፤ ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ያውካል። ለእንቁላሉ ቅርፊት የደቀቀ የኖራ ድንጋይ ይበቃል።

«የሐበሻ ዶሮ ጭራ ታድራለች፣ ምን መኖ ያሻታል?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ እውነት ነው፣ ምስጥም ቅጠልም ለቅማ ታድራለች፣ በዓመት ግን ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። በዚያ ለረካ ሰው ክርክር የለኝም። ወደ 300 እንድትጥል ተመርጣ የተዳቀለችውን ቦቫንስ ብራውን የተባለችውን ዝርያ ገዝቶ ጭራ እንድታድር መተው ግን ገንዘብ መጣል ነው። የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፋጉሎም ይሻግታል። ልክ ነው፤ በወለጋ ረጅም ክረምት በቆሎውም ፋጉሎውም እርጥበት ከያዘ የአፍላቶክሲን መርዝ ሊያፈራ ይችላል፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየገዙ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ የሻገተውን «ለዶሮ ይሁን» የሚባለው ነገር ግን ይቅር።