ሻዩን ያፈላነው እኛ ነን



የምንኖረው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አባባ ሳል ሲበረታባቸው ሁላችንም የጠረጠርነው ሳምባ ነቀርሳ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለው በእኛው አካባቢ ስለሆነ፣ ሳል ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን እሱ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በኤክስሬይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የስድስት ወር መድኃኒት ጨርሰውም ሳሉ አልለቀቃቸውም። በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ የሳምባ ካንሰር መሆኑ ታወቀ።

ሲቲ ስካኑ በሁለቱ ሳምባዎች መሃል ያበጡ ንፍፊቶች አሳየ። ካንሰሩ እዚያ መድረሱ ሳይታወቅ ቀዶ ጥገና ይሁን ኬሞ መወሰን አይቻልም ተባልን። ስለዚህ በሙሉ ሰመመን፣ አንገታቸው ሥር በትንሹ ተከፍቶ በካሜራ ናሙና ሊወሰድ ተቀጠረ። ቦታው ትልልቅ የደም ሥሮች ያሉበት በመሆኑ ለጥንቃቄ ደም ተዘጋጀ።

ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ተነግሮናል። ሱብሒ ሰግደው ሲያስላቸው ግን አሳዘኑን፤ በወተት ሻይ አፈላንላቸው።

የሰመመን ባለሙያዋ «የቀመሱት ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቅ እኛ ዝም አልን። ተራው እንዳያልፍ ፈራን። አባባ ግን «አልዋሽም ልጄ፣ ሻይ ጠጥቻለሁ» አሉ። ቀጠሮው ተራዘመ። «ለአንድ ብርጭቆ ሻይ!» ብለን ተቆጣን።

እሷም ረጋ ብላ አስረዳችን። ሰው በሰመመን ሲተኛ ጉሮሮው ራሱን አይጠብቅም፤ በሆድ ያለው ወደ ሳምባ ሊገባና ሊገድል ይችላል። ንጹሕ ውኃ እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ሊፈቀድ ይችላል፤ ወተት ያለበት ግን እንደ ምግብ ተቆጥሮ 6 ሰዓት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሁሉንም ተናገርን፦ የሚወስዱትን አስፒሪን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን፣ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ። የኦክስጅን መለኪያው ቀኝ እጃቸው ላይ ተደረገ። መሣሪያው ወደዚያ እጅ የሚሄደውን የደም ሥር ቢጫን ቶሎ እንዲታወቅ ነው አሉን።

አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ነቁ። ካንሰሩ ንፍፊቶቹ ጋ ደርሷል፤ ኬሞ ጀምረዋል። በዱዓችሁ አትርሷቸው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ሰመመን ሰጪው ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ያለፈ ተራ ተመልሶ ይመጣል።