በአዊ አገር ስላሉ ሴቶች ልጆች ሕይወት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ማጀት ሥራና ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ዛሬ ግን በየቤቱ የሚታወቀውን፥ በአደባባይ ግን የሚታፈረውን ነገር ልናነሣ ወደናል። ይኸውም ሳትወድ የፀነሰች ሴት የሚደርስባት ጭንቀት ነው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድና ከዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ያላት ሐኪም ስትፈልግ፥ ድኻዪቱ በሥራሥርና በሹል ነገር ነፍስዋን ለአደጋ ትሰጥ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በ551ኛው አንቀጽ በሩን አስፍቶታል። ተገድዳ ወይም ከሥጋ ዘመድዋ የፀነሰች፥ ሕይወትዋ ወይም ጤናዋ የሚያሰጋ፥ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት፥ እንዲሁም ለአካለ መጠን ባለመድረስዋ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ሁሉ በሕክምና ልትረዳ ትችላለች። ተደፍሬአለሁ ላለችውም ቃልዋ ብቻ በቂ ነው ይላል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ አይልም።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ሲራራ፥ ሕጉ ያልጠየቀውን ምስክር የሚጠይቅ ሹም ከማን ሥልጣን ተቀብሎ ነው? በሃይማኖቱ ምክንያት እጄን አላስገባም የሚል ሐኪም ቢኖር ኅሊናውን እናከብራለን፤ ነገር ግን ልጅቱን ወደ ሌላ ባለሙያ ሳይልክ ደጁን ሊዘጋባት አይገባም።

የአዊ ሰው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱን ሸልሞ ሲጋልብ ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ እኛም እናደንቃለን። ያው ፈረስ የታመመችውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ሲጫን ግን አባትዬው ጎረቤት ምን ይላል ብሎ ሌሊቱን ይጠብቃል። ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ሕክምናው እየከበደ ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም መንገዱን በየጊዜው እየዘጋ ጭንቁን አብዝቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የቋንቋው ነገር ነው። የልጅቱ ቃል ማስረጃ ከሆነ፥ ቃልዋን በነፃ ልትናገር ይገባታል። ከገጠር የመጣችው አዊኛ ብቻ የምታውቅ ብትሆን አስተርጓሚው አጎትዋ ወይም ባልዋ ይሆናል፤ በደለኛውም እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? በእንጅባራና በዳንግላ ሆስፒታሎች አዊኛ የምትናገር አዋላጅ ነርስ ቀንም ሌሊትም በተራ እንድትገኝ ማድረግ ለጤና ሹሞች ከባድ ወጪ አይደለም።